ወይ ነብር፣ ወይ ጅብ፣ ወይ ጥርኝ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺን በጤና፣ የስፌት መኪናሽን በደህና፣ እማዬንም ፀሐይ መሞቂያ ወንበሯ ላይ ደልቷት ያግኝልኝ። እኛ ብርዱ ቀደም ብሎ ከመግባቱ በቀር ደህና ነን። እኔ ያው መሪ ላይ ነኝ። አውቶቡሱ አርጅቷል፣ ተሳፋሪው ይነጫነጫል፣ እኔም ከሁለቱ የተሻልኩ አይደለሁም። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ያመጣችው ልጄ ናት። አንቺ ራስሽ ነሽ «ጠያቂዋ» ብለሽ ስም ያወጣሽላት፤ ስሙ ያዘ፣ አሁን ቻዪው እንግዲህ። ዘንድሮ አስተማሪያቸው ሁለት ሥራ ሰጥታቸዋለች። አንደኛው አርአያ ስለሆነቻቸው ሴት፣ ሁለተኛው ስለ አንድ የዱር እንስሳ። የክፍሏ ልጆች ሴቷን ከመጽሐፍ፣ እንስሳውን ከቴሌቪዥን ወስደው ተገላገሉ። የእኔዋ ግን እጇን አውጥታ «እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምሠራው። አያቴ ነብር ገድላለች» አለች።

አስተማሪዋም ቀላል ሰው አይደለችም። «እንዲህ ከሆነ ወሬው ከዓይን ምስክር፣ በእጅ በተጻፈ ደብዳቤ ይምጣ» አለቻት።

መቼም ልጅቷ እንቅልፍ እምቢ ሲላት የማወራላት ያንን ታሪክ ነው። አባባ መንገድ ላይ፣ እኔ ጡት ያልጣልኩ ሕፃን፣ ነብሩ በጓሮው በር ዘው ብሎ ሲገባ እማዬ ዘነዘና አንስታ ግንባሩን ብላ ስትዘርረው። እንዲህ አይደል የነበረው? እኔ እንዲህ ነው የማውቀው። ሳወራው ኖሬያለሁ፤ እዚህ አገር መጥቼ የመጀመሪያውን ክረምት ያለፍኩትም የእሷ ልጅ ነኝ እያልኩ ነው።

እና እባክሽ እማዬን ጠይቂልኝ። ነብሩ ወንድ ነው ሴት? ምን ያህላል? ስንቴ መታችው? ቆዳው የት ገባ? የጠያቂዋ የመጨረሻ ጥያቄ ደግሞ «አያቴ ፈርታ ነበር ወይ?» የሚል ነው። ሥራው የሚቀርበው ከጥር በፊት ነው። እማዬን በስልክ እንዳላናግራት ጆሮዋን ያማታል እያልሽ ስትመልሺኝ ከርመሻል፤ ቢያንስ ቃሏን በወረቀት ላኪልኝ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን እንደ ክር ጥቅልሽ ያርዝምልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ


ኅዳር 9 ቀን

ለወንድሜ፣ ለባለ አውቶቡሱ፤

ሰላምታዬ ከነባለቤትህ ከነልጅህ ይድረስህ፤ መንገዱን ያቅናልህ፣ ፍሬንህን ይጠብቅልህ። የዘገየሁት ንቄህ አይደለም። የትምህርት ቤት ልብስ ወቅት አለፈ ስል ወላጅ ሁሉ «ልጄ ቁመት ጨመረ» እያለ ጠርዝ ሊያስረዝም እኔ ጋ ይጎርፋል። ቤቱ ውስጥ በሰማያዊ ጨርቅ መሀል እየዘለልኩ ነው የምሄደው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የምን ነብር ነው እሱ? አንተ ጡት ያልጣልክ ሕፃን ከነበርክ በየትኛው ዓይንህ አየኸው? የዓይን ምስክር ከተባለ እኔ ነኝ፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ምስክሯ ምንም ትዝ አይላትም! የጓሮው በር ትዝ ይለኛል። ጩኸት ትዝ ይለኛል፤ ማን እንደጮኸ ግን አላውቅም። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ልጅ ሆኜ ሲወራ የሰማሁት እማዬ ጅብ አባረረች ሲባል ነው። ነብር የሆነው አንተ ከሄድክ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም። ገደለች ያለህስ ማን ነው? ቆዳ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይቼ አላውቅም፤ ቢኖር ኖሮ ይሄኔ ቦርሳ ሰፍቼበት ነበር።

እማዬን ግን ጠይቄያታለሁ። ሰኞ «ነብር ነው፣ ያውም ትልቅ» አለችኝ። በማግስቱ «ጅብ ነው፣ ማነው ነብር ያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ሐሙስ ደግሞ «የምን አውሬ? አከራዩ ነው እንጂ! ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ብጠራው መጥቶ እኔኑ ሊቆጣ፤ በዘነዘና ነው ያባረርኩት» አትለኝም! አከራያችንን ታስታውሰው እንደሆነ ነፋስ የሚወስደው ሰው ነበር። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሷም አብራኝ ሳቀች። ቆይታ ግን «ምንድን ነው የሚያስቅሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ሳቄን ተውኩት።

ደህና ናት። ትበላለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች። መልስ የምትሰጠው ግን ደስ ሲላት ነው። ስልኩን ለጊዜው ተወው፤ ጆሮዋ ነው።

ልጅቷን አታድክምብኝ። ሌላ ሴት ከመጽሐፍ ትውሰድ፤ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ቃላቸውን አይለዋውጡም። አንድ ነገር ልለምንህ፦ በር ላይ የሚገጠም፣ በሩ ሲከፈት የሚጮህ ትንሽ ደወል እዚያ አገር አለ ይባላል። ካገኘህ ሁለት ላክልኝ፣ ለፊቱም ለጓሮውም። ለሌባ ነው።

እኔ እንደ እማዬ መመረቅ አይሆንልኝም፤ ብቻ ክፉ አይንካህ።

እህትህ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ሰላሙን ያብዛልሽ፣ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። ደጅሽን ስል ደወሎቹን ልኬያለሁ። ሌባ ገብቶ ነበር እንዴ? እዚያ ሰፈር ሰው በሩን ሳይዘጋ ገበያ ሄዶ የሚመለስበት አልነበር? ደወሉን ለምን እንደፈለግሽው አልገባኝም።

እዚህ ነገሩ ተበላሽቷል። ጠያቂዋ ደብዳቤሽን ሳትጠብቅ ነብሩን ሥላ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። አንድ ወረቀት አልበቃውም፤ ጅራቱ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው ያለው። ከጎኑ እማዬ አለች፣ ከነብሩ በቁመት ትበልጣለች። ከሥሩ «አያቴ ገደለችው» ብላ ጽፋለች። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። አነበብኩላት። «ታዲያ የቱ ነው?» አለች። እኔ ምን ልበላት? «ጅብም ቢሆን እኮ ትልቅ ነገር ነው» አልኳት። «ትልቅነቱን አልጠየቅኩህም አባዬ፤ የቱ እንደሆነ ነው የጠየቅኩህ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሲያድጉ ምን ሊሆኑ ነው እነዚህ?

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተነስታ «ምናልባት ጅብ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም አልሞተም» ብላ ተናገረች። ማንም አላስገደዳትም፤ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? አንዱ ልጅ «ውሸታም» አላት። አሁን በዕረፍት ሰዓት እንደ ነብር እያገሡ ይከተሏታል። ቤት መጥታ አለቀሰችብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለልጅ የማላውቀውን ነገር እያሳመርኩ ሳወራ ከርሜ። እውነቱን ካላገኘሁላት ፊቷን ማየት ከብዶኛል።

ግንበኛው በሕይወት አለ? አጥር የሚያዋስነን፣ ግድግዳችንን የሠራው። ጩኸት ሰምቶ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሄደሽ ጠይቂልኝ።

ሌላም አለ። ባለፈው እሑድ ደወልኩ። አንቺ አልነበርሽም መሰለኝ፣ እማዬ አነሳችው። ጆሮዋ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከኔ ይሻላል። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «ልብስ ሰፊዋ የለችም፤ ሲመሽ ይደውሉላት» አለችኝ። «እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ» ስላት «ተሳስተው ይሆናል ጌታዬ» ብላ በትሕትና ዘጋችው።

ጌታዬ አለችኝ እትዬ። ቀኑን ሙሉ ስነዳ እሱን ነው የማስበው፤ አንድ ፌርማታ ዘልዬ አልፌ ሰው ሲጮህብኝ ነው የነቃሁት። ልብስ ሰፊዋ ማን ናት? ሰው ቀጠርሽ? እባክሽ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ጥር 20 ቀን

ለወንድሜ፤

ለረጅሙ ዝምታዬ ይቅርታህን እለምናለሁ። ቤትህን ሰላም፣ ልብህን ጽኑ ያድርግልህ፤ ይሄኛውን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው።

ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ።

ሰው አልቀጠርኩም። እማዬ ልጇ መሆኔን ከረሳች ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ስም መርሳት ነበር፤ እሱማ ማን አይረሳም አልኩ። ከዚያ ቁልፍ፣ ከዚያ የእሳት ምድጃ። አንድ ቀን ጠዋት የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ አየችኝና «እንኳን ደህና መጡ፤ ከሩቅ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ «ከጓዳ» አልኳት። አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ልትሰፋ በየቀኑ የምትመጣ ሴት ነኝ። ትወደኛለች፣ ክፉ አትናገረኝም። ሲመሻሽ ግን «በይ አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ይጠብቁሻል፣ ሂጂ እንጂ» ትለኛለች። እኔም ደህና እደሪ ብዬ በፊት በር እወጣለሁ፣ ቤቱን ዞሬ በጓሮ በር እገባለሁ። እራቷን ሳቀርብላት «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ትላለች። አንዳንድ ቀን ያስቀኛል። አንዳንድ ቀን ጓሮው ውስጥ ቆሜ አለቅሳለሁ። ደወሉ ለሌባ አይደለም፤ ሁለቴ ብቻዋን ወጥታ ገበያው መግቢያ ላይ ነው ያገኘኋት።

ለምን ደበቅሽኝ እንደምትል አውቃለሁ። እንዳትጨነቅ ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ጀመርኩትና ቀደድኩት። እውነቱ ፈርቼ ነው። ብትመጣ ታውቅሃለች ብዬ ፈራሁ። ሁሌም ያንተን ስም ነበር የምትጠራው፤ ልጄ ውጭ ነው፣ ልጄ ትልቅ መኪና ይነዳል፣ ልጄ እንዲህ ልጄ እንዲያ። አጥቤያት፣ አብልቻት፣ አብሬያት ኖሬ እኔን ረስታ አንተን ብታስታውስስ? ምን ልሆን ነው? ይሄው፣ ወጣልኝ። ስልክ ላይ «ጌታዬ» እንዳለችህ ሳነብ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ቆይቶ ቀለል አለኝ፤ ቆይቶ በራሴ አፈርኩ። የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

ግንበኛውንም አግኝቼዋለሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ጆሮው ከድቶታል፤ እየጮኽኩ ስጠይቀው መንገደኛው ሁሉ የተጣላን መስሎት ይቆማል። «ነብር?» ብሎ ተቆጣ። «እኔ የሠራሁትን ግድግዳ ነብር ይዘለዋል? ጥርኝ ነው! ጥርኝ ናት በቀዳዳ የገባችው፤ ሽታዋ ሳምንት ሙሉ ከቤታችሁ አልወጣም» አለኝ። ወዲያው ደግሞ «ቀዳዳም አልነበረውም ግድግዳዬ» አለ። ከጥርኙ ይልቅ የግድግዳው ስም ነው ያሳሰበው። እሱ ሲደርስ አውሬው ሄዷል። እማዬ አንተን ታቅፋ፣ ዘነዘናውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አውሬውን ያባረረች እሷ ናት፣ ሌላ ማን ነበር?» አለኝ። ልሄድ ስል ጠራኝና «አንቺስ ግን አፍሽ ተፈታ?» አለኝ። አልገባኝም። «ያን ዕለት ድምፅሽ ተዘጋ እኮ። ቃል ሳታወጪ እናትሽ ውኃ በማንኪያ ስታጠጣሽ አይቻለሁ» አለ። ይሄም ትዝ አይለኝም። ስለ ሌላ ሰው የሚነግረኝ ነው የመሰለኝ።

እንግዲህ ነብር አለን፣ ጅብ አለን፣ ጥርኝ አለን፣ አከራይም አለን። ጠያቂዋ የፈለገችውን ትምረጥ። ግን አያትሽ አልዋሸችም በላት፤ የያዘችውን ነገር እያጣችው ነው እንጂ።

እህትህ


የካቲት 6 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ከዚህ ሌላ ምርቃት ዛሬ አይመጣልኝም።

ተቆጥቻለሁ። እናቴ ናት እኮ! ጆሮዋን ነው ስትዪኝ ዓመት ሙሉ አመንኩሽ። እኔ እዚህ ለልጄ ጀግና ስሠራ፣ ጀግናዋ እዚያ ቤቷ ጠፍቶባት ገበያ ትዞራለች። ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ አንቺ ጓሮ ቆመሽ ታየሽኝና ቁጣው ማን ላይ እንደሚያርፍ ጠፋኝ። ቅናትሽን ስላነበብኩ አልተቀየምኩሽም። ስሜን እንደምትጠራ አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ ካንቺ የወሰድኩብሽ መሰለኝ።

የጠያቂዋ ቀን ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት አለፈ። እኔ ከሌላ ሾፌር ጋር ተራ ተቀያይሬ ሄድኩ፤ የሾፌር ልብሴን እንደለበስኩ ከኋላ ቆምኩ። ልብሱ ጠቦኛል፣ እንደተወጠርኩ ነው የቆምኩት። ልጅቷ ነብሩን ከግድግዳው አንስታ አዲስ ሥዕል ሠርታለች፦ ፊቱ ነብር፣ ትከሻው ጅብ። የጥርኙን ወሬ ያኔ አላወቀችም እንጂ ጅራቱን ትጨምርበት ነበር። ከሥሩ «አይታወቅም» ብላለች። ቀጥ ብላ ቆማ «አያቴን አክስቴ ጠየቀቻት። አያቴ ግራ ገብቷታል። አክስቴም ግራ ገብቷታል። አባቴ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል» አለች። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አስተማሪዋ «ታዲያ የቷ ሴት ናት አርአያሽ?» አለቻት። ጠያቂዋ ዞራ ሥዕሏን አየች። ከዚያ «ቤታችን የሆነ ነገር ገብቶ ነበር፣ የሆነ ሰው ደግሞ አልሸሸም። ማን እንደሆነ ሳውቅ እነግራችኋለሁ» ብላ ተቀመጠች። ማንም አላገሣም። አስተማሪዋ ሥራውን አልተቀበለችውም፣ አልመለሰችውምም፤ «አልተጠናቀቀም» የሚል ጻፈችበት። እኔም አልገባኝም፣ ጥሩ ነው መጥፎ?

ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩላት በኋላ ያንን ሥዕል ካልላክሁ ብላ ያዘችኝ። እዚህ ውስጥ ታጥፎ አለ። «ለአያቴ አሳዪያት፤ ባታውቀውም ግድ የለም» ብላለች።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና ልጅቷ እንመጣለን። ታውቀኝ እንደሆነ፣ አታውቀኝ እንደሆነ፣ እንግዲህ ጌታዬ ተብዬም ቢሆን እገባለሁ። እንዳትከለክዪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 28 ቀን

ለወንድሜ፣ ለጠያቂዋም፤

ቁጣህ ደርሶኛል፤ ይገባኛል፣ ተቀብያለሁ። ኑ። መንገዳችሁ የተባረከ ይሁን፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጨርቁን ሰብስቤ አስተኛችኋለሁ። ያን የጠበበህን ልብስ ይዘህ ና፣ ጎኑን እለቅልሃለሁ። ከመጣህ በኋላ ስምህን ብትጠራ ደስ ይለኛል። ይሄን ስጽፍ እውነቴን መሆኑን ለማየት ሁለቴ አንብቤዋለሁ።

ለጠያቂዋ ምን እንደምትነግራት እኔ መወሰን አልችልም። የሆነውን ልጻፍልህና አንተ አባቷ ነህ፣ ፍረድ። እኔ እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአንዲት ልጅ ቀሚስ ጠርዝ እየለቀምኩ ሥዕሉን አውጥቼ እማዬ ጭን ላይ አደረግኩላት። «ከውጭ የተላከልሽ ነው» አልኳት። አገላበጠችው። ስታየው ቆየችና «ጆሮው እንዲህ አልነበረም» አለች።

«የማን ጆሮ?»

«የዚያን ዕለት የገባው። አንዱ ጆሮው የተቀደደ ነው።»

መርፌዬን አቆምኩ። «ነብሩ ነው ጅቡ?» አልኳት።

«እኔ ምኑን አውቄ? አልጋ ሥር ሆኜ ጆሮውን ነው ያየሁት» አለችኝ።

ቀስ ብዬ፣ እንዳላስደነግጣት፣ «አልጋ ሥር ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት። እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፤ ድምፅዋ የጥንቱ ነበር። «ልጁን አቅፌ ገባኋ። ሕፃኑን። ልጅቷን መጥራት ረሳሁ። አየሽ፣ ሴት ልጅ አለችኝ፣ አንቺ አታውቂያትም። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘነዘናውን አንስታ በእኔና በአውሬው መሀል ቆመች። ዘነዘናው ከሷ ይረዝማል። አልመታችውም፣ አልጮኸችም፤ የጮኽኩት እኔ ነኝ። እሷ ዝም ብላ ቆመች። እሱም አያት፣ አያትና በመጣበት ወጣ።»

ቀሚሱን አስቀመጥኩት። «ሰው ግን አንቺ ነሽ ያባረርሽው ይላል» አልኳት።

«ሰው ሲሮጥ ሲመጣ ዘነዘናውን ከእጇ ቀማኋት። አፈርኩ እኮ! ልጅ በር ላይ፣ እናት አልጋ ሥር። ምን ይሉኛል? ደግሞ ልጅቷ አፏ ተዘጋ። ሲፈታላት ደግሞ እየባነነች መጮህ ሆነ። እኔም አቅፌ፣ አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ እኔ ነኝ ያባረርኩት፣ አንቺ ምንም አላየሽም እላታለሁ። በየቀኑ እላታለሁ። አመነችኝ። ረሳችው። እንቅልፍም ወሰዳት።»

ወንድሜ፣ እኔ አሁንም ምንም ትዝ አይለኝም። ማስታወስ እፈልጋለሁ፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ በሩ ብቻ ይመጣል። እውነት ይሁን፣ ወይ እንደ አከራዩ ወሬ ነገ የሚቀየር ይሁን፣ በምን አውቃለሁ? ዛሬ ጠዋት ደግሜ ብጠይቃት «የምን ጆሮ?» አለችኝ። ጠያቂዋ ክፍል ፊት ቆማ ምን ትበል? እንዲህ በላት፦ እንስሳው ጆሮው የተቀደደ ነው፤ ሌላውን አክስትሽ አታውቀውም።

የትናንቱን ልጨርስልህ። ዝም ብል ይሻል ነበር፣ አልቻልኩም። «ልጅሽ አሁን የት ናት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሥራ ሄዳለች። ጎበዝ ናት። ብታያት ትወጃታለሽ» አለችኝ።

«ያን ዕለት ምን እንዳደረገች ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም። ትልቅ ከሆነች በኋላ ልነግራት እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ።» ሥዕሉን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። «ዛሬ ስትመጣ እነግራታለሁ። አንቺ ግን እስክትመጣ አትሂጂብኝ፤ እሷ ከሌለች እፈራለሁ።»

«የት እሄዳለሁ» ብዬ ወንበሬን አስጠግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ በሩን በሩን ታያለች። እኔም አብሬያት በሩን አያለሁ።

እህትህ